ጎጃም፦ ዓባይ የሚዞረው አገር

ዓባይ የሚነሣው ሰከላ ውስጥ ግሽ ዓባይ ከምትባል ሥፍራ ነው። ከምንጩ ግልገል ዓባይ ተብሎ ወደ ሰሜን ይወርድና ጣና ይገባል፤ ባሕር ዳር ላይ ከሐይቁ ወጥቶ ፊቱን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያዞራል፤ ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ቀጥሎም ወደ ምዕራብ እየታጠፈ የተወለደበትን ምድር ከብቦት ወደ ሱዳን ያልፋል። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። የሚዞረው አገር ጎጃም ነው። ከሰሜን ጣና፣ ከምሥራቅና ከደቡብ ገደል፣ ከምዕራብ የሱዳን ጠረፍ ስላለበት ደሴት ለመባል ጥቂት ነው የቀረው።

በንጉሡ ዘመን ጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ጊዜ ክፍለ ሀገር ይባል ነበር፤ ስፋቱም ከ60 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ባሕር ዳር፣ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ደብረ ማርቆስ፣ ቆላ ደጋ ዳሞት፣ አገው ምድርና መተከል አውራጃዎቹ ነበሩ። በፌዴራሉ አወቃቀር መተከል ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሲሄድ ሌላው አማራ ክልል ውስጥ በዞን ተከፋፈለ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የእነዚህ አካባቢዎች ሕዝብ ተደምሮ ከ5.5 ሚሊዮን በላይ ነበር። ክፍለ ሀገሩ ከመንግሥት መዝገብ ቢሰረዝም፣ ሰዉ አገሩን ሲጠየቅ የዞኑን ስም አስቀድሞ ሲናገር እምብዛም አይሰማም።

የመሬቱ አውራ ጮቄ ነው። ይህ ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ 4,100 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ አናቱ ላይ አስታና ጅብራ የሚባሉ የውርጭ ተክሎች ይበቅላሉ፣ ጠዋት ውርጭ ያነጥፋል። ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋ፣ ተምጫና ሌሎችም ብዙ ወንዞች ከእርሱ ጎን እየፈለቁ ዙሪያውን ወደ ዓባይ ስለሚወርዱ የውኃ ማማ ይሉታል። ማማው ግን ታርሷል። መሬት የጠበበው ገበሬ ገብሱንና ድንቹን ይዞ ሽቅብ ወጣ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ ቁልቁል ይወርዳል። ከጮቄ ግርጌ እስከ ደጀን፣ ቢቸናና ሞጣ የተንጣለለው መረሬ፣ ጥቁር አፈሩ መሬት፣ ደግሞ ጤፍ አብቃይ ነው፤ የአዲስ አበባ ምጣድ ላይ የሚዘረጋው ነጭ ጤፍ ብዙው ከዚህ የተጫነ ነው። ቡሬና ወምበርማ በበቆሎ ይታወቃሉ።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ጎጃም ለመግባት መጀመሪያ ገደል መውረድ አለበት። ጎሐ ጽዮን ላይ ካፖርቱን እንደ ለበሰ የተሳፈረ ሰው፣ መኪናው እየተጠማዘዘ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል፤ ወዲያ ማዶ ደጀን ሲወጣ ካፖርቱን መልሶ ይፈልጋል። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ክረምት ሲገባ መሻገሪያው ይዘጋ ነበር። አገሩ የራሱን ገዥዎች አክርሮ የያዘው አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የጎጃሙ ገዥ ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነገሡ፤ መንቆረር የነበረችውም ከተማቸው በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች።

ጎጃሜ በርስቱ ቀልድ አያውቅም። መንግሥት በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲያውጅ፣ ገበሬው መሬቴን ለክተው ሊወስዱብኝ ነው ብሎ በቢቸና፣ በሞጣና በዳሞት ሸፈተ። ጦር ቢዘምትበትም አልበረደም፤ በመጨረሻ ግብሩን በግድ ማስከፈሉን የተወው መንግሥት ነው።

ሰው ስለ ጎጃም ሲነሣ ማሩንና ቅቤውን ያስቀድማል። እኔ ቅኔውን፣ የግእዙን ግጥም፣ አስቀድማለሁ። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ የሚባሉት የቅኔ ቤቶች ስሞች ለአብነት ተማሪ የዩኒቨርሲቲ ያህል ክብር አላቸው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ ይመለስና ጥግ ፈልጎ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም በልቡ ይደርሳል። የሚጀምረው ሁለት ቤት (ስንኝ) ካላት ጉባኤ ቃና ከምትባል አጭር ቅኔ ነው፤ እያደገ ሄዶ ረጅሙን ቅኔ፣ መወድስን፣ ይደርሳል። ቅኔው ለዕለቱ የሚቀርብ አዲስ መሆን አለበት፤ ትናንት የተዘረፈውን (በቃል የተሰማውን) ዛሬ ደግሞ ያቀረበ ተማሪ ከጓደኞቹ ሳቅ አያመልጥም።

ጎጃም አማራ ብቻ አይደለም። እንጅባራና ዳንግላ አካባቢ አዊኛ የሚናገረው አገው ይኖራል፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞቹ ፈረሶቻቸውን ሸልመው እንጅባራ ይሰበሰባሉ። ወደ ምዕራብ ዝቅ ሲሉ ደጋው ያልቅና የበለስ ቆላ ይጀምራል። መተከል የጉሙዝና የሺናሻ አገር ሲሆን ኦሮሞ፣ አማራና አገውም ይኖሩበታል፤ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደግሞ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ ብዙ ሰዎች ፓዌ ሰፍረዋል።

ዓባይ አገሩን ዞሮ ሲጨርስ የሚደርሰው መተከል ውስጥ ጉባ ላይ ነው። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. እዚያ ተጣለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከጮቄ ታጥቦ ድሮ ግብጽ ይደርስ የነበረው አፈር አሁን አብዛኛው ከዚህ አያልፍም። ተራራው ላይ እርከን የሚሠራ ገበሬ ማሳውን ለማዳን ብሎ የሚደረድረው ድንጋይ፣ ከጉባ ሐይቅ ደለል ይቀንሳል።