ችላ የተባሉ የአኳሪየም ዓሦችን ማዳን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ለወራት ውሃው ሳይቀየር የቆየ አኳሪየም (የዓሣ ማኖሪያ የመስታወት ገንዳ) የተረከበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም ነገር በዕለቱ ለማስተካከል ይነሣል። ይሁን እንጂ ቸልታውን ችሎ የኖረ ዓሣ አዳኝ በመጣለት ሳምንት ሲሞት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሰውነቱ ቀስ በቀስ የለመደውን ክፉ ውሃ በድንገት ሲያጣ መልካሙም ውሃ ይጎዳዋልና። ለዚህ ከሚዳርጉት እምነቶች ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

«ውሃው ስለ ቆሸሸ በአንድ ጊዜ ተደፍቶ በአዲስ መተካት አለበት።»

በእኔ ግምት ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው። ዓሣው በስንጥቡ (በመተንፈሻ አካሉ) የሚያስወጣውን፣ ከኩሱና ከተረፈ ምግብም የሚመነጨውን አሞኒያ ባክቴሪያዎች በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ አነስተኛ ወደ ሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። ይህ ሂደት አሲድ ስለሚፈጥር ውሃው ሳይታደስ በቆየ ቁጥር ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል) ይወርዳል፤ ከ6 በታች ሲደርስም የባክቴሪያዎቹ ሥራ እጅግ ይዳከማል። ያን ጊዜ አሞኒያው ይጠራቀማል፤ ነገር ግን በአሲዳማ ውሃ ውስጥ በአብዛኛው አሞኒየም በሚባለው፣ ዓሣን እምብዛም በማይጎዳው መልኩ ስለሚገኝ ዓሦቹ በሕይወት ይቆያሉ። ፒኤቹ 7.5 የሆነ ንጹሕ ውሃ በብዛት ሲጨመርበት ግን የተጠራቀመው አሞኒየም ወደ መርዛማው አሞኒያ ይመለሳል፤ ፒኤች በ1 ከፍ ባለ ቁጥር የመርዛማው ድርሻ ወደ አሥር እጥፍ ገደማ ያድጋል። ጠዋት ሲዋኙ የነበሩት ዓሦች ማታ ከውሃው ገጽ ላይ አየር ፍለጋ ሲያዛጉ ያየ ባለቤት አዲሱ ውሃ የተመረዘ ነበር ብሎ ይደመድማል፤ መርዙ ግን ከዚያው ከገንዳው ነው። በአሮጌውና በአዲሱ ውሃ መካከል ያለው የማዕድን ልዩነትም የዓሣውን የውስጥ የጨውና የውሃ ሚዛን ያናጋል።

ስለዚህ ባልዲ ከማንሣት በፊት አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬትና ፒኤች ይለካሉ። የገንዳው ፒኤች ከአዲሱ ውሃ በጣም ዝቅ ያለ ከሆነ በየቀኑ ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ፣ ሙቀቱ ተመጣጥኖና ክሎሪኑ ተወግዶለት፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት መቀየር ይሻላል። የሁለቱ ፒኤች ተቀራራቢ ሆኖ አሞኒያው ወይም ናይትራይቱ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ በዚያው ቀን ግማሹን መቀየር ተገቢ ነው፤ በዚህ ጊዜ ማዘግየት ራሱ ይገድላል።

«ውሃው ጥርት ካለ ንጹሕ ነው።»

አሞኒያም ሆነ ናይትራይት ቀለም የላቸውም። በአንጻሩ በአልጌ ምክንያት አረንጓዴ የሆነ ውሃ ለዓይን ቢያስጠላም ብዙ ጊዜ ለዓሣው ያን ያህል አስጊ አይደለም።

«የቆሸሸው ማጣሪያ በቧንቧ ውሃ እስኪነጣ ይታጠብ።»

ከላይ የተጠቀሱት ባክቴሪያዎች በአብዛኛው የሚኖሩት በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ሲሆን የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይፈጃቸዋል። ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል። ባክቴሪያዎቹ አንዴ ከጠፉ እንደገና እስኪስፋፉ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፤ በዚህ መካከል የሚከማቸው ናይትራይት ደግሞ የዓሣውን ደም ቡናማ አድርጎ ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርገው፣ ዓሣው በቂ አየር ባለበት ውሃ ውስጥ ይታፈናል።

«ጨው ለሁሉም በሽታ ይሆናል።»

ጨው እውነተኛ ጥቅም ካለባቸው ሁኔታዎች አንዱ ይኸው የናይትራይት መመረዝ ነው፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥቡ በኩል ወደ ደም እንዳይገባ ይከላከላል። ነገር ግን እንደ ኮሪዶራስ (በገንዳው ወለል ላይ የሚኖሩ ትናንሽ ዓሦች) ያሉ ዓሦችና ብዙ የውሃ ተክሎች ጨውን በደንብ አይችሉትም። በተጨማሪም ውሃ ሲተን ጨው አብሮት አይተንም፤ የጎደለውን ውሃ በተካ ቁጥር ጨው የሚጨምር ሰው ሳያውቀው ገንዳውን ወደ ባሕር ይለውጠዋል።

«የከሳ ዓሣ በብዛት መመገብ አለበት።»

የዓሣ ሰውነት ሙቀት የውሃው ሙቀት ስለሆነ ምግብ የሚፈጭበት ፍጥነትም በዚያው ይወሰናል፤ ለረጅም ጊዜ የተራበ አንጀት ደግሞ ድንገተኛ ጥጋብን አይችልም። ያልተበላው ምግብ በስብሶ አሞኒያ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ምንም አለመስጠት፣ ከዚያም በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ ጥቂት ምግብ በቀን ሁለት ጊዜ መስጠት በቂ ነው።

«የተቀዳደደ ክንፍ አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል።»

አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው ጥሩ ውሃ ነው። የክንፉ ሥር እስካልተጎዳ ድረስ ክንፍ እንደገና ያድጋል። አዲሱ ጠርዝ በመጀመሪያ ቀለም የለሽና እንደ መስታወት ብርሃን የሚያሳልፍ በመሆኑ ብዙዎች ይህን የመዳን ምልክት አዲስ በሽታ ነው ብለው ወደ መድኃኒት ይሮጣሉ፤ አንዳንዶቹ መድኃኒቶች ግን የማጣሪያውን ባክቴሪያዎችም ይጎዳሉ።

«ነጩ ነጠብጣብ ከጠፋ ዓሣው ድኗል።»

እንደ ጨው ፍሬ ያለውን ነጠብጣብ የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ከዓሣው ቆዳ ሥር ተቀብሮ ሳለ መድኃኒት አይደርስበትም። ሲያድግ ወደ ገንዳው ወለል ወርዶ በብዙ መቶ ይራባል፤ መድኃኒቱ የሚገድለው አዲስ ዓሣ ፍለጋ የሚዋኙትን ልጆቹን ብቻ ነው። ስለዚህ ቆዳው ከጸዳ በኋላም ሕክምናው ለተወሰኑ ቀናት መቀጠል አለበት። ሙቀትን ከፍ ማድረግ ይህን ዑደት ያፋጥነዋል፤ ሆኖም የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው፤ በ20 ዲግሪ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ የሚይዘው ውሃ በ30 ዲግሪ የሚይዘው 7.5 ገደማ ነው። የአየር ፓምፕ ሳይጨመር ማሞቂያውን ከፍ ማድረግ የተዳከመ ዓሣን ለሌላ ጭንቀት መዳረግ ነው።

«የዓሣ በሽታ ወደ ሰው አይተላለፍም።»

በአብዛኛው እውነት ነው፤ ግን ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የተባለው ባክቴሪያ በእጅ ላይ ባለ ቁስል ገብቶ በሰው ቆዳ ላይ ለመዳን ወራት የሚፈጅ እብጠት ሊያስከትል ይችላል። ውሃው ተሻሽሎና በአግባቡ እየተመገበ ሆዱ እየሰረጎደ፣ አከርካሪው እየጎበጠ የሚሄድ ዓሣ ይህ ወይም መሰሉ በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል ለብቻው መለየት አለበት፤ ገንዳውን የሚያጸዳው ሰውም ጓንት ያድርግ፣ ውሃ ለመቅዳትም ቱቦውን በአፉ አይሳብ።