የጤና እምነት ሞዴል ምንድን ነው? ኮሮና በገባ ሰሞን ማስኩ አገጭ ላይ የቀረው ለምንድን ነው?

በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የተሳፈረ ሰው ሁሉ ኮሮና እንዴት እንደሚተላለፍ ያውቅ ነበር። ቴሌቪዥኑ፣ ሬዲዮው፣ ስልክ ሲደወል የሚሰማው ድምፅ ሳይቀር «እጅዎን ይታጠቡ» ሲል ከርሟል። ማስኩ ግን አገጭ ላይ ነው። ወያላው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ማስክ አድርጉ፣ ፖሊስ አለ!» ሲል ሁሉም እኩል ወደ አፍንጫው ይስበዋል። ፖሊሱ ሲታለፍ ደግሞ እኩል ይወርዳል።

ያወቀ ሰው ለምን አያደርግም? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ከሚሞክሩት ሐሳቦች አንዱ፣ ዕድሜ ጠገቡ፣ የጤና እምነት ሞዴል ይባላል። እዚህ እምነት የተባለው ሃይማኖት ብቻ አይደለም። ሰው ስለ በሽታውና ስለ ራሱ በልቡ የያዘውን ግምት ሁሉ ነው።

ሐሳቡ የተወለደው አሜሪካ ውስጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ። የአገሪቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት የሳንባ ነቀርሳን ቶሎ ለማግኘት የራጅ መኪና እስከ ሰፈር ድረስ ይልካል። ምርመራው በነጻ ነው። ሰው ግን ዝር አይልም። ጎድፍሬይ ሆክባውም የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ3 ከተሞች ከ1,200 በላይ አዋቂዎችን አነጋገረ። «እኔንም ሊይዘኝ ይችላል» እና «ቀድሞ ቢታወቅ ይጠቅመኛል» የሚሉትን ሁለቱንም ካመኑት መካከል 82 በመቶው ቢያንስ አንዴ በፈቃዳቸው ራጅ ተነስተዋል። አንዱንም ካላመኑት ግን 21 በመቶው ብቻ። ኢርዊን ሮዘንስቶክና ሌሎች ባልደረቦቹ ይህን ይዘው ሞዴሉን አዋቀሩት።

ፍሬ ነገሩ ሰው ሳያስበው በልቡ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ናቸው። ይይዘኛል ወይ? ቢይዘኝስ ምን ያህል ይጎዳኛል? የተባለውን ባደርግ ይጠቅመኛል? ምን ያስከፍለኛል? በዚህ ላይ የሚቆሰቁስ ነገር ያስፈልጋል። የጎረቤት መታመም፣ የዜና ወሬ፣ ወይም ያ ወያላ። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ «እችለዋለሁ ወይ?» የሚለው ተጨመረ። በእኔ እምነት በኋላ የመጣው ይሄኛው ለእኛ ከተማ ከሁሉም በላይ ያስፈልግ ነበር።

ከመጀመሪያው ጥያቄ እንነሳ። አገራችን ውስጥ ቫይረሱ የተገኘበት የመጀመሪያው ሰው መጋቢት 4 ቀን 2012 ይፋ ሲደረግ ጃፓናዊ ነበር። ብዙ ሰው ከዚህ የራሱን መደምደሚያ አወጣ፤ የፈረንጅ በሽታ ነው፣ ጥቁር አይዝም፣ የእኛ ፀሐይ ይገድለዋል። እንዲያውም የውጭ ዜጋ መንገድ ላይ ሲታይ «ኮሮና!» እያሉ መጮህ ተጀመረ። ያሳፍር ነበር። ፈረንጁን የሚሸሽ ሰው ዞር ብሎ ጓደኛውን ትከሻ ለትከሻ እየተጋጨ ሰላም ይላል። በሽታውን ሳይፈራ ቀርቶ አይደለም። የሚመጣበትን አቅጣጫ ሌላ ቦታ አድርጎ ስለገመተ ነው።

ከዚያ ደግሞ ጊዜ አለ። መጋቢት ላይ ባንክ በር ላይ ጥበቃው ሳኒታይዘር ሲያርከፈክፍ ሁለቱንም እጁን የዘረጋ ሰው፣ ወራት አልፈው የሚያውቀው ሰው ሳይታመም ሲቀር ግምቱን ይቀንሳል። «ኮሮና የለም» ማለት የተጀመረው የዚያን ጊዜ ነው። ሱቅ ደጃፍ ላይ ለእጅ መታጠቢያ የተቀመጠው ቢጫ ጀሪካን ከነቧንቧው ቆሟል፤ ውሃው ግን የለም።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ናንሲ ያንዝና ማርሻል ቤከር 46 ጥናቶችን ሲገመግሙ ከሞዴሉ ክፍሎች ሁሉ ጠንካራ ሆኖ ያገኙት እንቅፋቱን ነው፤ ማለትም ጥንቃቄው ያስከፍለኛል ብሎ ሰው የሚገምተውን። ከበሽታው ፍርሃት ይልቅ የጥንቃቄው ዋጋ የሰውን አካሄድ ይወስናል ማለት ነው።

አራዳ ውስጥ በቀበሌ ቤት የሚኖር ቤተሰብ አስቡ። ክፍሏ አንድ ናት። መጸዳጃ ቤቱ የጋራ ነው። ቧንቧው ለግቢው ሁሉ አንድ ነው፤ ውሃውም በፈረቃ ነው የሚመጣው። «ርቀታችሁን ጠብቁ፣ እጃችሁን ደጋግማችሁ ታጠቡ» የሚለው ምክር እዚህ ቤት ሲደርስ «እችለዋለሁ ወይ?» በሚለው ጥያቄ ይወድቃል። መርካቶ ውስጥ ዕቃ ተሸክሞ የዕለት ጉርሱን የሚያገኘው ሰውዬም ቤት ተቀመጥ ሲባል የሚጠይቀው ስለ ቫይረሱ አይደለም፤ ስለ ማታው እራት ነው። ታክሲ በግማሽ እንዲጭን ሲታዘዝ ታሪፉ ጨመረ፤ ከተጨናነቀ ታክሲ መሸሽ ራሱ ገንዘብ ሆነ። እንዲህ ያለውን ሰው ግንዛቤ የለውም ማለት ሐሜት ነው።

ዋጋ ደግሞ ብር ብቻ አይደለም። ለቅሶ መቅረት የሚያስከፍለውን እናውቃለን። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ብዙ ሆኖ መሰብሰብም ተከለከለ። ግቢው ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ንግግር ይሰማ ነበር።

«እማማ፣ ዘንድሮ እንኳን ይቅርብዎት። በስልክ እግዜር ያጥናችሁ ማለት ይቻላል።»

«ምን በወጣኝ! እሷ ለእኔ ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀምጣ አላለቀሰችም? ነገ እኔ ስሞት ማን ሊቀብረኝ ነው?»

እማማ ሂሳባቸውን አልሳቱም። በአንድ በኩል ሊይዛቸው ይችላል የተባለ በሽታ አለ። በሌላ በኩል ደግሞ ከእድርተኛ ፊት መውደቅ አለ፤ እሱ ጥርጥር የሌለው ነገር ነው። በዚያ ላይ «ቀኑ ከደረሰ ማን ያስቀረዋል?» የሚል ሐሳብ ሲጨመር በሽታው አስፈሪ ነው ብሎ ማመን ራሱ ወደ ጥንቃቄ አይወስድም። ማስፈራሪያ ብቻ የሚያሰራጭ ዘመቻ የሚስተው ይህን ይመስለኛል። ሰውን አስፈርተኸው የሚያደርገውን ካላሳየኸው እጁን አጣጥፎ ቀኑን ይጠብቃል።

በዚያው ሰሞን ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ዋጋቸው ጣሪያ ነካ። ፌጦና ዳማከሴም ተፈላጊ ሆኑ። ብዙ ሰው በዚህ ስቋል። በሞዴሉ ዓይን ግን የሚያስቅ አይደለም። ይጠቅማል የሚለው እምነት ከአያት የወረደ ነው፣ ጉንፋን በያዘን ቁጥር የቀመስነው። ዋጋው ከነጭማሪው የሚቻል ነው። አያሳፍርም፣ ጎረቤት አያስቀይምም፣ ከለቅሶም አያስቀርም። ማስኩ ደግሞ አዲስ ነው፣ ያፍናል፣ መነጽር ያለውን ሰው ያሳውራል፣ በየጊዜውም መገዛት አለበት። እንዲህ ሲታይ ነጭ ሽንኩርቱ ማሸነፉ አይገርምም፣ ኮሮናን ባይከለክልም።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው የኅዳር በሽታ፣ ዓለም ሁሉ ያለቀበት ያ ኢንፍሉዌንዛ፣ ብዙ ሺህ ሰው ጨርሷል። የዚያን ጊዜ ሰው በሽታው የሚመጣው ከቆሻሻና ከተበከለ አየር ነው ብሎ ስላመነ ቆሻሻውን ሰብስቦ አቃጠለ። ኅዳር 12 ሲደርስ ዛሬም በየሰፈሩ ይታጠናል፤ ጭሱ ለሳንባ መጥፎ ነው ቢባልም። ምክንያቱን እንዴት እንደተረዳነው መከላከያችንም እንደዚያው ይሆናል።

ክትባቱ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ሲጀመር፣ ጥያቄዎቹ ተገላብጠው መጡ። አሁን የሚፈራው መርፌው ሆነ። ደም ያረጋል፣ መካን ያደርጋል፣ የ666 ምልክት ነው ተባለ። «በሽታው ቀላል ነው፣ መርፌው ከባድ ነው» ብሎ ለገመተ ሰው ስለ ቫይረሱ አደገኝነት ሌላ ፖስተር መለጠፍ ብዙም አይፈይድም። ጥያቄው ስለ መርፌው ነዋ። ይልቅ እሱ የሚያምናት ነርስ ቁጭ ብላ ብታስረዳው ይሻላል።

ሞዴሉም ጉድለት አለው። ሰውን ብቻውን ተቀምጦ እንደሚያሰላ አድርጎ ያየዋል፤ ልማድ፣ ድንጋጤና ይሉኝታ የት እንደሚገቡ በደንብ አይነግረንም። በእኛ ዘንድ ደግሞ ብዙ ነገር የሚወሰነው በጋራ ነው። አንዳንድ እድሮች በዚያ ሰሞን ድንኳን መትከሉን ትተው ገንዘቡን ብቻ ለሟች ቤተሰብ ሰጥተዋል። የእድሩ ዳኛ «ማንም እንዳይመጣ» ካሉ እማማ ቢቀሩ ማን ያማቸዋል? ስለ በሽታው ያላቸው ግምት ቅንጣት አልተቀየረም። የመቅረቱ ዋጋ ግን ለሁሉም እድርተኛ በአንድ ቀን ወረደ።