አን ጁንግ ጉን እና በጅምር የቀረው የሰላም ጽሑፉ

አን ጁንግ ጉን (1879–1910) ኮሪያዊ አርበኛ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ኦክቶበር 26 ቀን 1909 በሰሜን ምሥራቅ ቻይና በምትገኘው ሃርቢን ከተማ ባቡር ጣቢያ ኢቶ ሂሮቡሚን ተኩሶ ገደለ። ኢቶ የጃፓን የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር፣ በኋላም በኮሪያ የጃፓን እንደራሴ ነበር።

አን የተወለደው ሄጁ ነው። ካቶሊክ ሆኖ ቶማስ ተባለ፣ ትምህርት ቤት አቋቋመ፣ በ1907 ተሰደደ። በ1909 እሱና አስራ አንድ ጓዶቹ የግራ እጃቸውን የቀለበት ጣት ጫፍ ቆርጠው ማሉ። እስር ቤት በብሩሽ የጻፋቸው ጽሑፎች ማኅተምም ይኸው ጣቱ የጎደለ መዳፍ ነው።

ችሎቱ ያኔ በጃፓን እጅ በነበረችው የቻይና ወደብ ሉሹን ላይ ፌብሩዋሪ 1910 ተሰየመ። አን «እኔ ወታደር ነኝ፣ እንደ ጦር ምርኮኛ ዳኙኝ» ብሎ ተከራከረ። አልተሰማም። ሞት ሲፈረድበት ይግባኝ አላለም። ይልቁንም ስለ ምሥራቅ እስያ ሰላም የጀመረውን ጽሑፍ የሚጨርስበት ጊዜ ጠየቀ። አላገኘም፤ ማርች 26 ተሰቀለ። የቀረው መግቢያውና የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው።

ደግነቱ ዝርዝሩን ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ኃላፊ በቃል ነግሮት ነበር፤ ቃሉም ተመዝግቧል። ሉሹን የሦስቱ አገሮች፣ የኮሪያ፣ የቻይናና የጃፓን፣ የጋራ ወደብ ትሁን። የሰላም ጉባኤ እዚያ ይቀመጥ። የጋራ ባንክና የጋራ ገንዘብ ይኑር። ወጣቶቻቸው አንዱ የሌላውን ቋንቋ እየተማሩ በአንድ ጦር ይሰልጥኑ። አውሮፓ ወደ ጋራ ገንዘብ ከመድረሷ 90 ዓመት ገደማ በፊት መሆኑ ነው!

አንዳንዶች «ኢቶ ለዘብተኛ ነበር፣ ግድያው ጃፓን ኮሪያን መጠቅለሏን አፋጠነ» ይላሉ። ግን የጃፓን ካቢኔ ይህንን ያጸደቀው ከግድያው በፊት፣ በጁላይ 1909 ነው።

ቤተ ክርስቲያኑም መጀመሪያ ፊት ነስታዋለች። ጳጳሱ ቄስ እንዳይሄድለት ከለከሉ፤ ያጠመቁት አባ ቪልሄልም ግን እምቢ ብለው ሄደው ኑዛዜውን ተቀበሉ። በ1993 ካርዲናል ኪም ቅዳሴ መርተው አከበሩት።

አጽሙ እስካሁን አልተገኘም። ሴኡል በሚገኘው ሂዮቻንግ መናፈሻ የተዘጋጀለት መቃብር ባዶ ነው። ቻይና በ2014 በሃርቢን ጣቢያ መታሰቢያ አዳራሽ ስትከፍት የጃፓን መንግሥት ቃል አቀባይ «አሸባሪ» አሉት። የአዳራሹ ግድግዳ ሰዓት ግን ተኩሱ በተሰማበት ከጠዋቱ 3:30 (በፈረንጆቹ 9:30) ላይ ቆሟል።