ዋጃራ፦ የጉሪንጂ ከብት ነጂዎች የምሽት ዘፈን

ዋጃራ በሰሜን አውስትራሊያ የሚኖረው የጉሪንጂ ሕዝብ ለጨዋታ የሚዘፍነው ዘፈን ነው። ገኖ የነበረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ሲሆን፣ መድረኩ ትልልቆቹ የከብት እርባታ ጣቢያዎች ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ከብት ሲሰበስቡ፣ ፈረስ ሲገሩና በጋለ ብረት ምልክት ሲያደርጉ የዋሉ ሰዎች ማታ እሳት ዳር ተሰብስበው ይዘፍኑት ነበር። ጉሪንጂዎች በዓለም የሚታወቁት ለደሞዝና ለመሬት ባደረጉት የ1966 አድማ ነው (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዝናው ይገባቸዋል። ግን ታሪኩ ከአድማው ብቻ ሲጀመር ከዚያ በፊት የነበሩት ሰዎች ተበዳይ ሆነው ብቻ ይቀራሉ። እነሱ ግን በዚያ ሁሉ በደል ውስጥ የራሳቸው ምሽት ነበራቸው።

አገራቸው በኖርዘርን ቴሪቶሪ፣ በቪክቶሪያ ወንዝ የላይኛው ክፍል ነው። በ1883 ናት ቡካናን የተባለ አቅኚ እዚያው ዌቭ ሂል የሚባለውን ጣቢያ አቋቋመ። ከብቱ ውሃውን አደፈረሰ፣ ሳሩን ጨረሰ፣ ለአደን የሚሆነውን እንስሳ አባረረ። ነባሩ ሕዝብ በጥይት ተገደለ። የተረፉት ቀስ በቀስ ወደ ጣቢያው ተጠጉ፣ ምክንያቱም የሚበላውና የሚጠጣው ነገር የቀረው እዚያ ብቻ ነበር። በ1914 ጣቢያው ቬስቲ በተባለ የእንግሊዝ የሥጋ ኩባንያ እጅ ገባ። በ1924 ደግሞ ጎርፍ የመጀመሪያውን ጣቢያ ጠራርጎ ወሰደው፣ ሌላ ቦታም ተሠራ።

ክፍያው በአብዛኛው ዱቄት፣ ስኳር፣ ሻይ፣ ሥጋና ትንባሆ ነበር። ወንዶቹ ከብት ይነዳሉ፣ ሴቶቹ ወጥ ቤትና አትክልት ቦታ ይሠራሉ። መኖሪያቸው ከቁርጥራጭ ቆርቆሮ የተሠራ ጎጆ ነበር። ያለ እነሱ ጉልበት ጣቢያው አንድ ወቅት እንኳ መቆም አይችልም ነበር።

በዝናቡ ወራት መንገዱ ስለሚጨቀይ የከብት ሥራ ይቆማል። ያኔ ሰዎቹ ወደ ጫካ ይወጣሉ፣ ያድናሉ፣ ከጎረቤት ሕዝቦች ጋር ተገናኝተው ሥርዓታቸውን ይፈጽማሉ። ዘፈንም ይቀባበላሉ። ከብት ነጂ ደግሞ እግሩ ረጅም ነው። መንጋ ይዞ ከጣቢያ ጣቢያ ሲሄድ አዲስ ዘፈን ሰምቶ ይመለሳል። የከብቱ መንገድ የዘፈን መንገድም ሆነ። አገራቸውን የቀማቸው ሥራ ዘፈናቸውን አሰፋው ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔን በጣም የሚገርመኝ ይህ ነው።

ዋጃራ ለተወሰኑ ሰዎች ብቻ ከሚፈቀዱት የምስጢር ሥርዓቶች ይለያል። ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃን፣ እንግዳ ሁሉ ሊያየው ይችላል። ጨፋሪዎቹ ገላቸውን ይቀባሉ፣ ዘፋኞቹ ቁጭ ብለው ሁለት ቡሜራንግ (ቆልማማ የእንጨት መወርወሪያ) እያጋጩ ምት ይመታሉ። ግጥሙ በጣም አጭር ነው፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ስንኝ ብቻ። ያችው ግጥም እየተደጋገመች ትዞራለች። ዜማው ከላይ ይጀምርና እየወረደ ይሄዳል፣ እንደገና ወደ ላይ ይመለሳል። ዜማው አልቆ ሲጀመር ግጥሙ መሃል ላይ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በየራሳቸው ዙር ስለሚሄዱ፣ ዘፈኑን አጥርቶ መያዝ ችሎታ ይጠይቃል።

ብዙዎቹ ግጥሞች በጉሪንጂ ቋንቋ አይደሉም። ከምዕራብና ከደቡብ፣ ከበረሃው ሕዝቦች የመጡ ናቸው። ዘፋኞቹ ራሳቸው የማይረዱት ቃል ይኖራል፣ ይህ ግን አያስጨንቃቸውም። የሚፈለገው ምቱና ዜማው ሳይዛነፍ መድረሱ፣ ጭፈራውም መድመቁ ነው።

በምዕራብ አውስትራሊያ፣ በፒልባራ፣ የከብትና የበግ ጣቢያ ሠራተኞች ታቢ የሚባል ሌላ ዘፈን ነበራቸው። ታቢ የአንድ ሰው ድርሰት ነው። ገጣሚው ያየውን ይዘፍናል፤ የከብት ሥራውን፣ ባቡሩን፣ አውሮፕላኑን። እነዚሁ የፒልባራ ሠራተኞች ግንቦት 1 ቀን 1946 ሥራ አቁመው ለሦስት ዓመት ያህል ታግለዋል። በኒው ሳውዝ ዌልስ በኩል ደግሞ ከብት ነጂው ዱጊ ያንግ በ1950ዎቹና 60ዎቹ ጊታር ይዞ በእንግሊዝኛ ስለ ሕዝቡ ኑሮ ይዘፍን ነበር። ጊታሩና የካንትሪ ሙዚቃው በኋላ በየጣቢያው ተስፋፍቷል።

ዌቭ ሂል ላይ ነገሩ የፈነዳው በ1966 ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ላይ ለነባር ሕዝብ ከብት ሠራተኞች እኩል ደሞዝ እንዲከፈል ተወሰነ፣ ተግባራዊነቱ ግን እስከ ታኅሣሥ 1968 እንዲዘገይ ተደረገ። ነሐሴ 23 ቀን የከብት ነጂዎቹ አለቃ ቪንሰንት ሊንጊያሪ 200 ያህል ሰዎች ይዞ ጣቢያውን ጥሎ ወጣ። በ1967 ዳጉራጉ በተባለ ቦታ ሰፈሩ። ጥያቄው ደሞዝ ብቻ እንዳልሆነ፣ መሬታቸውን እንደሚፈልጉም በግልጽ ተናገሩ። ነሐሴ 16 ቀን 1975 ጠቅላይ ሚኒስትር ጎፍ ዊትላም የመሬቱን ሰነድ አስረክበው አፈር በሊንጊያሪ መዳፍ ላይ አፈሰሱ። ያንን ፎቶ ያነሳው ሜርቪን ቢሾፕ ራሱም ከነባር ሕዝቦች የተወለደ ነው። በ1991 ፖል ኬሊና ኬቭ ካርሞዲ አድማውን በዘፈን አወሱት። የካርሞዲ ወላጆችም ከብት ነጂዎች ነበሩ።

ያ ዘፈን ዛሬ በመላው አውስትራሊያ ይታወቃል። ዋጃራን የሚያውቁት ግን እጅግ ጥቂት አዛውንቶች ናቸው። የሙዚቃ ተመራማሪዋ ሚፋኒ ተርፒንና የቋንቋ ተመራማሪዋ ፌሊሲቲ ሚኪንስ ካልካሪንጂ ከተባለው የጉሪንጂዎች መንደር ዘፋኞች ጋር ሆነው ግጥሙን፣ ዜማውንና ጭፈራውን መዝግበው በ2019 አሳትመዋል። ወጣቶቹ አሁን በብዛት የሚናገሩት ጉሪንጂና ከእንግሊዝኛ የተወለደው ክሪዮል የተቀላቀሉበትን ጉሪንጂ ክሪዮል የሚባለውን አዲስ ቋንቋ ነው። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ አድማውን ለማሰብ በካልካሪንጂና በዳጉራጉ በዓል ይደረጋል። ሰዉ የአያቶቹን መንገድ በእግሩ ይጓዛል፣ ማታ ላይ ባንዶች ይጫወታሉ።