ሁለት ሕዝብ በአንድ አገር፦ ስለ ፌዴራሊዝም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድን አገር ሁለት ሕዝብ ሲጋራው ፌዴራሊዝም ያዋጣል ወይ? ጥያቄው በተነሳ ቁጥር የምሰማቸውን ላንሳ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ፌዴራሊዝም አገሩን ለሁለት መክፈል ነው።»

አይደለም። ቤልጅየም የደችና የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች አገር ናት። በ1993 ፌዴራል መሆኗን በሕገ መንግሥቷ አሰፈረች። ክልሎቿ ግን ሦስት ናቸው። ዋና ከተማዋ ብራሰልስ ዙሪያዋን በደች ተናጋሪው የፍላንደርስ ክልል ተከባለች፤ አብዛኛው ነዋሪዋ ግን ፈረንሳይኛ ይናገራል። ማን ይውሰዳት? ማንም አልወሰዳትም፤ ራሷን የቻለች ክልል ሆነች። የመንገዶቿ ታፔላ እንኳ በሁለቱም ቋንቋ ነው የሚጻፈው።

«ዴሞክራሲ ካለ የአብላጫ ድምፅ ይበቃል።»

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ፓርቲ ዛሬ ቢሸነፍ ነገ ያሸንፍ ይሆናል። በቁጥር ያነሰ ሕዝብ ግን በየምርጫው ያው አናሳ ነው። ሁሌ እየተሸነፈ «ድምፅ አለህ» ቢሉት ምን ይጠቅመዋል? ቤልጅየሞች መላ አበጁለት። በሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳይቆጠር፣ የሁለቱ ቋንቋ ተናጋሪዎች ቁጥር እኩል ነው። በፓርላማ ደግሞ ከአንዱ የቋንቋ ቡድን ሦስት አራተኛው «ይህ ረቂቅ ግንኙነታችንን ክፉኛ ይጎዳል» ብሎ ከፈረመ ሂደቱ ይቆማል፤ ካቢኔውም በ30 ቀን ውስጥ አስተያየቱን ይሰጣል። «የማንቂያ ደወል» ይሉታል። የተደወለው ከስንት አንዴ ነው። መኖሩ ራሱ ሰዎቹን አስቀድሞ ያነጋግራቸዋል።

«እኩል ሥልጣን ከተሰጣቸው አለቀ።»

ቼኮስሎቫኪያ ከ1969 ጀምሮ የሁለት ሪፐብሊኮች ፌዴሬሽን ነበረች። በብሔሮች ምክር ቤቷ ቼኮች 75፣ ስሎቫኮችም 75 መቀመጫ ነበራቸው። ኮሚኒስት ፓርቲው ሁሉን ሲወስን ጣጣው አልታየም። በ1989 ሥርዓቱ ሲወድቅ ግን ገሃድ ወጣ። ሕገ መንግሥት ለማሻሻል በየወገኑ የሦስት አምስተኛው ድምፅ ያስፈልግ ስለነበር፣ ከአንዱ ወገን 31 ሰው ብቻ ማስቆም ይችል ነበር። የሚያስታርቅ ሦስተኛ ወገን የለም። በ1993 መግቢያ ላይ፣ ሕዝቡ ድምፅ ሳይሰጥበት፣ ያለ ደም ተለያዩ።

«ቆጵሮስን የከፋፈላት ፌዴራሊዝም ነው።»

ቆጵሮስ ፌዴሬሽን ሆና አታውቅም። የ1960ው ሕገ መንግሥት ሥልጣኑን ለግሪኮቹና ለቱርኮቹ ነዋሪዎቿ ያካፈለው በአንድ አሐዳዊ መንግሥት ውስጥ ነበር፤ በ1963 ተናጋ። በ1974 የቱርክ ጦር ሰሜኑን ያዘ። ፌዴሬሽን እንሁን የሚለው ስምምነት የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1977 ነው። በ2004 የፌዴሬሽኑ ዕቅድ ለሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብ ከቱርኮቹ 65 በመቶ ያህሉ «እሺ» አሉ፤ ከግሪኮቹ 76 በመቶ ያህሉ «እምቢ»። ሳይሞከር ቀረ።