«ላይቭ አት ዘ ላይትሃውስ»፦ የሊ ሞርጋን የክለብ አልበም

«ላይቭ አት ዘ ላይትሃውስ» የአሜሪካዊው የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ሊ ሞርጋን እ.ኤ.አ. ከጁላይ 10 እስከ 12 ቀን 1970 የተቀረጸ አልበሙ ነው። ቦታው ካሊፎርኒያ፣ ሄርሞሳ ቢች የሚገኘው ላይትሃውስ ካፌ ነው። ቀረጻው የተጀመረው ሞርጋን 32 ዓመት በሞላበት ዕለት ነበር። ፕሮዲውሰሩ የጃዝ ሙዚቃ አሳታሚው ኩባንያ የብሉ ኖት አንጋፋ ፍራንሲስ ዎልፍ ሲሆን፣ ኩባንያው ሥራውን በሁለት ሸክላ አወጣው።

ሞርጋን የፊላደልፊያ ልጅ ነው። በ18 ዓመቱ የትራምፔት ተጫዋቹ ዲዚ ጊለስፒ ባንድ ገባ፤ ቀጥሎም ከድራመሩ አርት ብሌኪ ጋር ሠራ። በ1964 የወጣው አልበሙ «ዘ ሳይድዋይንደር» ጃዝ ብዙም የማይሰሙ ሰዎች ጆሮ ሳይቀር ደረሰ። ላይትሃውስ ክለቡም ባለ ታሪክ ነው፤ ቤዝ ተጫዋቹ ሃዋርድ ራምዚ በ1949 የእሁድ ጃዝ የጀመረው እዚያ ነው።

የአልበሙ ትልቁ ነገር ባንዱ ነው። ቤኒ ሞፒን ቴነር ሳክስፎን፣ ፍሉትና ቤዝ ክላሪኔት ይዟል። ፒያኖ ላይ ሃሮልድ ሜበርን፣ ድራም ላይ ሚኪ ሮከር አሉ። ጂሚ ሜሪት ደግሞ ኤሌክትሪክ ቤዝ ይጫወታል። ሜሪትና ሞርጋን ከብሌኪ ባንድ ጀምሮ ይተዋወቃሉ፤ መግባባታቸውም በደንብ ይሰማል።

ሸክላዎቹ አራት ገጽ አላቸው፤ በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ረጅም ሙዚቃ ብቻ አለ። «አብሶሉሽንስ» እና «ኖሞ» የሜሪት፣ «ዘ ቢሃይቭ» የሜበርን፣ «ኒዮፊሊያ» የሞፒን ድርሰቶች ናቸው። የሞርጋን የራሱ ድርሰት አንድም የለም! ስሙ በትልቁ የተጻፈበት መሪ መድረኩን እንዲህ ለጓደኞቹ መልቀቁ ሊመሰገን ይገባል። «ዘ ቢሃይቭ» ገና ሲጀምር እሳት ነው። ሮከር ፋታ አይሰጥም፤ ሞርጋንም ሶሎውን በአጫጭር፣ በሚቆራረጡ ሐረጎች ይገነባል። «ኒዮፊሊያ» ግን ቀስ ብሎ ነው የሚከፈተው። አንዳንዶች ሞርጋን ምርጥ ዘመኑ ስልሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው ይላሉ። ይህን አልበም በጥሞና የሰማ ሰው ግን እንዲያ ለማለት መቸገሩ አይቀርም።

ሞርጋን በፌብሩዋሪ 1972 ኒው ዮርክ በነበረው ስላግስ ክለብ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ገና 33 ዓመቱ ነበር።

በ1996 አልበሙ ተስፋፍቶ በሦስት ሲዲ ወጣ። በ2021 ደግሞ ብሉ ኖት የሦስቱን ሌሊቶች 12 ዝግጅቶች በሙሉ በስምንት ሲዲና በ12 ሸክላ አሳተመ። አዘጋጆቹ ዜቭ ፌልድማንና ዴቪድ ዋይስ ናቸው። በድምሩ 33 የተቀረጹ ሙዚቃዎች አሉት፤ «ዘ ሳይድዋይንደር»ም ተካቷል። «ስፒድቦል» በሚለው ሙዚቃ ላይ ድራመሩ ጃክ ዲጆኔት በእንግድነት ተቀላቅሎ ይጫወታል። አንድ ድርሰት ከሌሊት ሌሊት እንዴት እንደሚለዋወጥ መስማት የሚፈልግ ሰው ይህን ሙሉውን እትም ይያዝ። ለአዲስ አድማጭ ግን አራቱ የመጀመሪያ ገጾች ይሻላሉ፤ በተለይ «ዘ ቢሃይቭ»።