ዋስ ያጣ ሙያ፦ ጥቁር የሥራ ተቋራጮች በአሜሪካ

በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጡብ የደረደረው፣ ግድግዳ የለሰነው፣ ድልድይ ያቆመው እጅ በብዙ ቦታ የጥቁር እጅ ነበር። ውሉ ግን በሌላ ሰው ስም ይፈረማል፤ ገንዘቡም ወደ ሌላ ኪስ ይገባል። ጥቁሮች በዚያ አገር የግንባታ ድርጅት ያቋቋሙበትን ታሪክ የሚመረምር ሰው የሙያ እጦት አያገኝም። የጠፋው ዋስ ነው፦ በባንክና በመድን ድርጅት ፊት ቆሞ «ይህ ሰው የጀመረውን ይጨርሳል» የሚል።

ሆራስ ኪንግ በ1807 እ.ኤ.አ. በሳውዝ ካሮላይና በባርነት ተወለደ (የሚከተሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ጆን ጎድዊን ለተባለ ተቋራጭ ባሪያ ሆኖ በ1832 በቻታሁቺ ወንዝ ላይ፣ በጆርጂያ የምትገኘውን የኮሎምበስ ከተማ ድልድይ አብሮት መሥራት ጀመረ። የኪንግ ድልድዮች ጣውላቸው እንደ ወንፊት እየተጠላለፈ በእንጨት ችንካር የሚያያዝ፣ ከላይ ጣሪያ ያለው ዓይነት ነው። በ1846 የአላባማ ምክር ቤት በልዩ ሕግ ነጻ አወጣው። ጎድዊን ሲሞት ኪንግ በመቃብሩ ላይ ሐውልት አቆመለት። ብዙዎች ይህን እንደ ወዳጅነት ብቻ ይተርኩታል፤ እኔ ግን ሌላም ነገር አይበታለሁ። ለኪንግ የጎድዊን ስም የውል በር ነበር። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ኪንግ የአላባማ ምክር ቤት አባል ሆነ፤ ልጆቹም የድልድይ ሥራውን በራሳቸው ስም ቀጠሉበት። በጆርጂያ፣ በሬድ ኦክ ክሪክ ላይ የእሱ ሥራ እንደሆነ የሚነገርለት ድልድይ እስካሁን ቆሟል።

በ1881 አላባማ ውስጥ የተከፈተው የተስኪጊ ትምህርት ቤት ሙያን ወደ ድርጅት ለመለወጥ ከተሞከረባቸው ቦታዎች ዋነኛው ነው። ተማሪዎቹ የሚማሩበትን ሕንፃ ራሳቸው ገነቡ። ጡብ መተኮስ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም፤ ሦስት ጊዜ ምድጃው ከሸፈባቸው። ርዕሰ መምህሩ ቡከር ቲ. ዋሽንግተን የእጅ ሰዓቱን ሞንትጎመሪ ወስዶ በ15 ዶላር አስያዘና አራተኛውን ምድጃ አስነደደ። ያ ተሳካ። ሰዓቱን ግን ዳግም አላገኘውም።

በናሽቪል ሞሰስ ማኪሳክ ሦስተኛ በ1905 የራሱን ድርጅት መሠረተ። አያቱ የግንባታ ሙያን የተማረው በባርነት ሳለ ነው። በ1942 ድርጅቱ በተስኪጊ የጥቁር አብራሪዎችን የአየር ማረፊያ ለመገንባት የ5.7 ሚሊዮን ዶላር ውል ተረከበ፤ እስከዚያ ዘመን ድረስ የፌዴራሉ መንግሥት ለጥቁር ድርጅት ከሰጠው ሁሉ ትልቁ ነበር። ከዚያው ቤተሰብ የተወለደችው ዴሪል ማኪሳክ በ1990 በ1,000 ዶላር ዋሽንግተን ዲሲ ላይ የራሷን ድርጅት ከፈተች።

አሁን ወደ ዋሱ ልመለስ፤ የነገሩ ልብ እዚህ ነውና። ከ1935 ጀምሮ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነ የፌዴራል ግንባታ የሚወስድ ተቋራጭ የውል ማስከበሪያ፣ ማለትም ሥራውን ሳይጨርስ ቢቀር ኪሳራውን እሸፍናለሁ የሚል ዋስትና፣ እንዲያቀርብ ሕግ ያስገድዳል። ሰጪው የመድን ድርጅት የሚያየው ያለፈ ሥራን፣ በእጅ ያለ ሀብትንና የባንክ ታሪክን ነው። ያለ ማስከበሪያ ትልቅ ሥራ አይገኝም፤ ትልቅ ሥራ ያልሠራም ማስከበሪያ አያገኝም። ከአባቱ ቤትና መሬት ያልወረሰ ሰው ይህን ቋጠሮ በምን ይፈታዋል?

ማስከበሪያው ተገኘ እንበል። ከዋናው ተቋራጭ ከፊሉን ሥራ የሚወስድ ንዑስ ተቋራጭ ለምሳሌ ለ10 ሠራተኛ ለእያንዳንዱ በሳምንት 1,200 ዶላር ቢከፍል ሳምንታዊ ወጪው 12,000 ነው። አራት ሳምንት ሠርቶ የክፍያ ሰነዱን ያስገባል፤ ገንዘቡ ከዋናው ተቋራጭ እጅ ወደ እሱ እስኪደርስ ሌላ ስድስት ሳምንት ቢሄድ 120,000 ዶላር ከኪሱ ወጥቷል ማለት ነው፣ ገና ብረቱና ሲሚንቶው ሳይቆጠር። ከሚመጣውም ላይ እስከ ርክክብ ድረስ 5 ወይም 10 በመቶ ይያዝበታል። ጥሩ ሥራ ይዞ የሚከስረው ብዙ ነው፤ ሥራው ተበላሽቶበት ሳይሆን ጥሬ ገንዘብ አጥሮት።

ሄርማን ራስል ይህን ገና በልጅነቱ የገባው ይመስላል። አትላንታ ውስጥ በ1930 የተወለደ የለሳኝ ልጅ ነው። በ16 ዓመቱ ቁራሽ መሬት ገዝቶ ሁለት ቤተሰብ የሚይዝ ቤት ሠራበት፤ ኪራዩ የተስኪጊ ትምህርቱን ከፈለለት። በ1952 ድርጅቱን ሲያቋቁምም ለሰው መገንባትን ለራሱ ገንብቶ ከማከራየት ጋር አያይዞ ሄደ። የወር ኪራይ፣ ክፍያ ሲዘገይ የማይደርቅ ምንጭ ነው። የባለሀብቶቹ ንግድ ምክር ቤት በ1960ዎቹ መጀመሪያ አባል እንዲሆን ሲጋብዘው ጥቁር መሆኑን አላወቀም ነበር።

የአትላንታ የመጀመሪያ ጥቁር ከንቲባ ሜይናርድ ጃክሰን በ1974 ሥልጣን ሲይዝ የአየር ማረፊያው ግንባታ ሩብ ያህሉ ለጥቁሮችና ለሌሎች አናሳዎች እንዲደርስ፣ ትልልቆቹም ድርጅቶች ከእነሱ ጋር በሽርክና እንዲገቡ ጠየቀ። ተቃውሞው ከባድ ነበር፤ አልተንበረከከም። አዲሱ ተርሚናል በ1980 ተከፈተ። የዚህ ዓይነቱ ሽርክና ለጥቁሩ ተቋራጭ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ለሚቀጥለው ማስከበሪያ የሚያሳየው የትልቅ ሥራ መዝገብ ነው። የስም ኪራይ ሲሆን ግን፣ ጥቁሩ ባለቤት ፈርሞ ቤቱ ሲቀመጥ፣ መዝገቡም ከንቱ ነው።

ከዚያ ፍርድ ቤት መጣ። በቨርጂኒያ ግዛት ሪችመንድ ከተማ ግማሽ ያህል ነዋሪዋ ጥቁር ሆኖ ሳለ በአምስት ዓመት ከሰጠቻቸው ዋና የግንባታ ውሎች አናሳዎች ያገኙት 0.67 በመቶ ብቻ ነበር። ስለዚህ 30 በመቶ ንዑስ ውል ለአናሳዎች ይሁን አለች። ለከተማዋ እስር ቤት ሽንት ቤት ዕቃ ሊገጥም የተጫረተ ድርጅት ከሰሰ፤ በ1989 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደንቡን ሻረ። ከዚያ ወዲህ ከተሞች አድልዎው በራሳቸው ገበያ መኖሩን በጥናት ሳያስረዱ እንዲህ ዓይነት ኮታ ማውጣት አልቻሉም።

ይህ ታሪክ ለሐበሻ ተቋራጮችም ቅርብ ነው። በፌዴራሉ ደንብ «ጥቁር አሜሪካዊ» የሚለው ከአፍሪካ ጥቁር ሕዝቦች የተወለደን ሁሉ ያጠቃልል ስለነበር፣ ከኢትዮጵያ ሄዶ ዜግነት ያገኘ ግምበኛም ለአነስተኛ ድርጅቶች በተዘጋጀው የፌዴራል ፕሮግራም እንደ ተጎጂ በቀጥታ ይታሰብ ነበር። በ2023 አንድ የቴነሲ ፌዴራል ዳኛ ያንን ግምት ከለከሉ። ከዚያ በኋላ አመልካቹ በዘሩ ምክንያት ሥራ የተነፈገበትን፣ ብድር የተከለከለበትን ጊዜ በራሱ ቃል እየጻፈ ማስረዳት ግዴታው ሆነ።